ጎተራውን ከማፍረሳችን በፊት፦ «መጋዘን የገንዘብ መቃብር ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«መጋዘን የገንዘብ መቃብር ነው» የሚለውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ እንደ አንባቢ፣ ከዚያ እንደ ተከሳሽ። ጸሐፊው የፋብሪካዎቻችንን ገንዘብ አስረው ያስቀሩት «ዕቃ ከምረው ማደር የለመዱ የዕቅድና የግምጃ ቤት ሰዎች» ናቸው ይላሉ። እኔ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነኝ። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ በሚገኝ የፕላስቲክ ዕቃ ፋብሪካ በስቶር ኪፐርነት ገብቼ፣ በኋላም ወደ ምርት ዕቅድ ክፍል ተዛውሬ፣ ከባልዲ፣ ከሳፋ፣ ከጆግና ከባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጋር 19 ዓመት ኖሬያለሁ። ዝም ብል ጥፋቴን ያመንኩ ይመስላል።

ጽሑፉን ላላነበበው፣ ክርክሩ ባጭሩ ይህን ይመስላል። ክምችት ብክነት ነው፤ ቶዮታ ያለ መጋዘን እየሠራ ዓለምን መርቷል። ሽያጭ ክፍል በትክክል ከተነበየ መጠባበቂያ አያስፈልግም። ዶላር በገበያ ዋጋ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ የማከማቸት ሰበብ አልቋል። ማሽን ለአንድ ሰዓት እንኳ ያለ ሥራ መቆም የለበትም። ቁጥጥሩ ውድ በሆኑት ጥቂት ዕቃዎች ላይ ይሁን፤ ርካሹ ራሱን ይችላል። ሶፍትዌር ይገዛ። ቆጠራ በዓመት አንዴ፣ ሰኔ 30 ላይ፣ ይበቃል።

አንዱን ሳልከራከር እሰጣቸዋለሁ። በየመጋዘናችን የሞተ ዕቃ አለ። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ካይዘን፣ ማለትም ሥራን በትንሽ በትንሹ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ፣ ወደ እኛም ደርሶ ነበር፤ «ማጣራት» በሚለው በመጀመሪያው እርምጃ ብቻ ሦስት የጭነት መኪና ሙሉ ዕቃ አወጣን። ማምረት ያቆምነው የሕፃናት ወንበር ቀለም፣ ከተሸጠ ማሽን የተረፈ የዘይት ማጣሪያ፣ ማን እንዳዘዘው የማይታወቅ ቦሎን በኩንታል። በአንዱ ካርቶን ውስጥ አይጥ ወልዳ አገኘናት። ይህን መቃብር ቢሉት አልቃወምም። የምቃወመው ይህን ሬሳና ነገ ጠዋት ማሽን ውስጥ የሚገባውን ጥሬ ዕቃ በአንድ ከፈን መጠቅለላቸውን ነው።

ከቶዮታ ልጀምር፤ እሳቸውም የጀመሩት ከዚያ ነው። ታይቺ ኦኖ የቶዮታን አሠራር ሲያዋቅር በአርአያነት የወሰደው የአሜሪካን ሱፐርማርኬት ነው። ሱፐርማርኬት ባዶ መደርደሪያ ይዞ አይነግድም፤ ደንበኛ ያነሳውን ያህል ከኋላ ይተካል እንጂ። ካንባን የሚባለው ካርድ ሥራው ይኸው የመደርደሪያውን ልክ መጠበቅ ነው። በአንድ መስመር ላይ ስንት ካርድ ይዙር የሚለው ሲሰላ፣ የቀን ፍጆታው ዕቃው ለመድረስ በሚፈጀው ጊዜ ይባዛል፤ በላዩ የመጠባበቂያ እጅ ይታከልበታል፤ ድምሩ አንድ ሣጥን ለሚይዘው ቁጥር ይካፈላል። ጸሐፊው «ያለ መጋዘን» ባሉት አሠራር ቀመር ውስጥ መጠባበቂያ የራሱ ቦታ አለው። ትንሽ የሆነበት ምክንያት ብዙዎቹ አቅራቢዎች ቅርብ በመሆናቸውና ዕቃውም በተባለበት ሰዓት በመድረሱ ነው።

እንዲያም ሆኖ ዋጋ አስከፍሏቸዋል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1997 ንጋት ላይ ጃፓን፣ ካሪያ ከተማ የሚገኘው የቶዮታ አቅራቢ የአይሲን ፋብሪካ ተቃጠለ። እዚያ የሚመረተው በመዳፍ የሚያዝ የፍሬን ቫልቭ ነበር፤ ቶዮታም ከሞላ ጎደል ሙሉውን የሚወስደው ከዚያው ነበር። በእጅ የነበረው ቫልቭ ለአንድ ቀን ሥራ እንኳ በወጉ የሚበቃ አልነበረም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጃፓን ውስጥ ካሉት የቶዮታ መገጣጠሚያዎች አብዛኞቹ ቆሙ። ያዳናቸው በዙሪያቸው ያሉ አቅራቢዎች ተሯሩጠው ቫልቩን በየራሳቸው ማሽን መሥራታቸው ነው፤ በሳምንት ገደማም ወደ ሥራ ተመለሱ። እኔ የምሠራበት ፋብሪካ አንድ ዕቃ ቢያልቅበት የሚሯሯጥለት ጎረቤት የለውም። ጎረቤቶቹም ያንኑ ዕቃ ከዚያው አገር በዚያው መርከብ ነው የሚጠብቁት።

ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. ከማርች 2011 የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ አቅራቢዎቹ ሴሚኮንዳክተር (ቺፕ) ከሁለት እስከ ስድስት ወር የሚበቃ እንዲይዙ ማድረግ ጀመረ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሌሎች የመኪና አምራቾች በቺፕ እጦት ሲቆሙ እሱ ለወራት መሥራቱን ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ግን የዓለም አቀፍ የምርት ዕቅዱን በ40 በመቶ መቀነሱ አልቀረለትም። የዚያ መጠባበቂያ ትርፉ ወራት ነበር። ለአንድ ፋብሪካ ወራት ምን ማለት እንደሆኑ ጥሬ ዕቃ ያለቀበት ያውቃል።

በጎተራ ያለ እህል ከአንዱ መኸር እስከ ቀጣዩ መኸር ያለው ርቀት ነው። ገበሬን «እህል አከማቸህ» ብሎ የሚወቅስ የለም፤ «ነቀዝ አስበላህ» ብሎ የሚወቅሰው ግን አለ። ፋብሪካም ዕቃ የሚይዘው እንደ ርቀቱ ነው፤ ርቀቱን ሳያሳጥሩ ጎተራውን ማፍረስ ራስን ለረኃብ ማዘጋጀት ነው። የእኛን ርቀት ላሳይ። ፕሮፎርማ ይመጣል። ባንክ ይቀርባል፣ ይጠበቃል፣ ኤል ሲ፣ ማለትም ባንኩ ለአቅራቢው የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና፣ ይከፈታል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች አንዱ ያለው አቅራቢ ተራ ይይዝልናል። ዕቃው ይጫናል፣ ጅቡቲ ይወርዳል፣ በባቡር ወይም በከባድ መኪና ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል። ዲክላራሲዮን ይሞላል፣ ጉምሩክ ይፈትሻል፣ አንዲት ማኅተም የጎደለባት ወረቀት ተገኝታ ትራንዚተሩ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ነው የፋብሪካችን በር የሚከፈተው። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ ጭነት ሦስት ወር ሳይሞላው ሲደርስ ሌላው፣ ከዚያው አቅራቢ የታዘዘው፣ ሰባት ወር ፈጅቶ አይቻለሁ። ባሕሩ ግን ሁለቱንም ጊዜ ያው ባሕር ነበር።

«ትንበያው ትክክል ከሆነ መጠባበቂያ አያስፈልግም» የሚለው ነጥብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ስለሚያምነው በቁጥር ላሳየው። በቀን በአማካይ 2 ቶን ፖሊፕሮፒሊን፣ ማለትም የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ፣ የሚበላ ፋብሪካ እናስብ። የቀን ፍጆታው በ0.4 ቶን ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። ዕቃው ከትዕዛዝ እስከ በር በአማካይ 120 ቀን ይፈጃል፤ ይህም በ40 ቀን ያህል ይዋዥቃል። በሙያው የታወቀው ስሌት ሁለቱን መዋዠቅ ለየብቻ ያሰላና ይደምራቸዋል። ከፍጆታው የሚመጣው 120 ጊዜ 0.16 (0.4 በራሱ ተባዝቶ) ነው፤ 19.2። ከመድረሻ ጊዜው የሚመጣው 4 ጊዜ 1,600 (2 እና 40 እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው) ነው፤ 6,400። የድምሩ ስኩዌር ሩት 80.1 ቶን ገደማ ይሆናል። ከመቶ ትዕዛዝ በ95ቱ ዕቃ እንዳይጎድልብን ብንፈልግ ለዚህ በተለመደው ቁጥር፣ በ1.65፣ እናባዛዋለን፤ 132 ቶን መጠባበቂያ ይወጣል።

አሁን ሽያጭ ክፍላችን ነቢይ ይሁን። ፍጆታው በየቀኑ እንዳለው በትክክል 2 ቶን ይሁን። 19.2ቱ ዜሮ ይሆናል፣ የ6,400 ስኩዌር ሩት 80 ነው፣ በ1.65 ሲባዛ ደግሞ 132 ቶን። የነቢዩ ትንበያ ያተረፈልን 200 ኪሎ ገደማ፣ ማለትም ባለ 25 ኪሎ ስምንት ከረጢት ነው። በአንጻሩ ትንበያው እንደነበረው ሆኖ የመድረሻ ጊዜው መዋዠቅ ከ40 ቀን ወደ 20 ቀን ቢወርድ መጠባበቂያው ወደ 66 ቶን ይወርዳል። ከ2,600 ከረጢት በላይ ከመጋዘን ይወጣል፣ በባንክም ያን ያህል ብር ይለቀቃል።

እርግጥ ነው፣ አንድ የሂሳብ ሰው «የትንበያ ስህተት በየቀኑ እየተገለባበጠ የሚጣፋ አይደለም፤ ለወራት ወደ አንድ ወገን ያጋድላል» ሊለኝ ይችላል። እውነቱን ነው። ይሁንና የአራት ወሩ ድምር በ10 በመቶ፣ በ24 ቶን፣ የሚሳት ቢሆን እንኳ መጠባበቂያው ላይ የሚጨምረው 6 ቶን አይሞላም። ጸሐፊው ዱላውን ያነሱት በስድስቱ ቶን ላይ ነው። መቶ ምናምኑ ቶን በየቢሮው ደጃፍ ወረቀት ይዞ እየጠበቀ፣ ጥፋተኛው የሽያጭ ሠራተኛ ሆነ። ስለዚህ በእኔ ክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ትልቁ ሰንጠረዥ የሽያጭ ትንበያ አይደለም። እያንዳንዱ ጭነት ከትዕዛዝ እስከ በር በየደረጃው ስንት ቀን እንደቆየ የሚያሳይ ነው። ከእሱ የተማርነው ነገር ቢኖር ከመዘግየቱ ጥሩ ክፍል የራሳችን መሆኑን ነው፤ ሰነድ ሳይሟላ የምንልከው እኛው፣ ፊርማ ለሳምንት ጠረጴዛ ላይ የምናሳድረው እኛው።

ወደ ዶላሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ «ዶላር የሚገዛ ስለሆነ ማከማቸት ስግብግብነት ነው» ብለዋል። ግማሹን እቀበላለሁ። ከዚያ ዕለት በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። አንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር የሚይዘው 25 ቶን ገደማ ጥሬ ዕቃ ያው 25 ቶን ነው፤ የሚፈልገው ብር ግን በእነዚያ ሳምንታት ብቻ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። የባንኮች የብድር ዕድገት መጀመሪያ በ14፣ በኋላ በ18 በመቶ ተገድቦ በቆየበት ጊዜ ያን ብር ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ስለዚህ ዕቃ መያዝ ከቀድሞው ይልቅ ከብዷል፤ በዚህ ጸሐፊው ከሚያስቡትም በላይ ትክክል ናቸው።

በዋጋ ንረት ለማትረፍ ብሎ መከመር ደግሞ እሳቸው እንደጠረጠሩት ትርፍ አያመጣም። በ100 ብር የገዛነው ጥሬ ዕቃ መተኪያው 180 ብር ሆነ እንበል። በ180 ስንሸጠው መዝገቡ 80 ብር ትርፍ ይላል። ከዚያ ላይ 30 በመቶ፣ 24 ብር፣ የንግድ ትርፍ ግብር ይከፈላል። የቀረን 156 ብር ነው፤ ዕቃው 180። የምንከተለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ መጨረሻ የገባውን ዕቃ መጀመሪያ እንደወጣ አድርጎ መመዝገብን ስለማይፈቅድ ከዚህ የምናመልጥበት የመዝገብ ዘዴ የለም። ወረቀት ላይ ባለጠጋ፣ ግምጃ ቤት ውስጥ ደሃ ሆነን የከረምን ብዙዎች ነን። ግን ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ «አትያዙ» አይደለም። የዶላር ሰልፉ ቢያጥርም የዕቃው ጉዞ አላጠረም፤ የሞጆው ወረቀት የዶላር ተመን አያውቅም።

አሁን እኔን ወደሚያበሳጨኝ ነጥብ ልምጣ፤ «ማሽን ለአንድ ሰዓት መቆም የለበትም» ወደሚለው። በመጀመሪያ ነገር፣ ይህ ከራሳቸው የመጀመሪያ ነጥብ ጋር ይጣላል። በምስክርነት የጠሩት ኦኖ ከሰባቱ ብክነቶች ሁሉ የከፋ ያለው ከሚፈለገው በላይ ማምረትን ነው፤ ሌሎቹን ብክነቶች የሚወልዳቸው እሱ ነውና። ክምችት አትያዝ፣ ማሽንም አታቁም ማለት ላሟን እለባት፣ ወተቱን ግን የትም እንዳታስቀምጠው እንደማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር በዓይኔ ያየሁት ነው። የጀሪካን ክዳን ውስጥ ውሃ እንዳያፈስ የሚደረግ ቀጭን የጎማ ቀለበት አለ፤ ጎሚኒ እንለዋለን። ከጀሪካኑ ዋጋ አንጻር ዋጋው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ዕቃዎችን በዓመታዊ ወጪያቸው ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ መከፋፈል እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የታወቀ ዘዴ ነው፤ በዚያ አከፋፈል ጎሚኒ ከሲም መጨረሻው ላይ ትወድቃለች። እኛም ጸሐፊው እንደሚመክሩት ቁጥጥራችንን ከጥሬ ዕቃው ላይ አድርገን ጎሚኒን ረሳናት። ሐምሌ ላይ አለቀች። የሚቀጥለው ካርቶን ገና መንገድ ላይ ነበር።

ታዲያ የጀሪካን ማሽኑ ይቁም? ሥራ አስኪያጁ «ማሽን አይቆምም» አሉ። አካሉን ማምረት ቀጠልን። መጋዘኑ ሲሞላ ወደ ግቢው አወጣነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አየር ነው፤ ቦታ የሚበላውን ያህል ምንም አይበላም። ከጥበቃው ቤት እስከ ትራንስፎርመሩ ድረስ ቢጫ በቢጫ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ፤ ክዳን የሌለው አፍ ሁሉ ውሃ ጠጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ስምንት ሠራተኛ ጀሪካን እየገለበጠ ውሃ አፈሰሰ፤ አፉን ወደ ታች ደፍተን ስንደረድረው ደግሞ ጭቃው አፉን ያዘው። ቆጥሬዋለሁ፤ 11,000 ነበር። በቀን የምንሸጠው 650 ነው። አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ቀላል ሕግ አለ፦ በሂደት ላይ ያለው ብዛት በቀን ለሚወጣው ሲካፈል ዕቃው የሚቆይበትን ጊዜ ይሰጣል። 11,000 ለ650፣ ወደ 17 ቀን። ከጎሚኒዋ መምጣት በኋላ የመጨረሻው ጀሪካን ግቢውን ለቆ የወጣው በ19ኛው ቀን ነው። ፕሮፌሰሩ በሁለት ቀን ተሳሳቱ፤ ሁለቱም እሑድ ነበሩ።

የዚያ ወር ሪፖርት የማሽን አጠቃቀማችን 94 በመቶ መድረሱን፣ ይህም በዓመቱ ከፍተኛው መሆኑን ይገልጻል። ምስጋና ተጽፎልናል፤ ደብዳቤው ማኅደሬ ውስጥ አለ። የደመወዝ ብር ግን በዚያው ወር ከባንክ ተበድረን ነው የከፈልነው፤ ብራችን ግቢ ውስጥ አፉን ከፍቶ ዝናብ ይጠጣ ነበርና።

ከዚያ ወዲህ ኤ ቢ ሲን የምጠቀምበት በተገላቢጦሽ ነው። ውዱን ዕቃ ቶሎ ቶሎ እቆጥረዋለሁ፣ በጥቂቱም አዝዘዋለሁ። ርካሹንና ከሌለ ሥራ የሚያስቆመውን ግን ለዓመት የሚበቃ አዝዤ ከመደርደሪያ ላይ አስቀምጠዋለሁ። የዓመት ጎሚኒ አንድ የብረት ቁም ሳጥን አይሞላም። ጸሐፊው ያን ቁም ሳጥን «የገንዘብ መቃብር» ሊሉት ይችላሉ፤ እኔ ግን ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው የምዞረው።

ማሽን ማቆም ያስፈራናል፤ ምክንያቱም ሞልድ፣ ማለትም ፕላስቲኩ ቅርጽ የሚይዝበትን የብረት ቅርጽ፣ መቀየር ግማሽ ፈረቃ ይበላል። ስለዚህ አንዴ የባልዲ ሞልድ ከተገጠመ ወር ሙሉ ባልዲ ይወጣል፤ ባልዲ ሲትረፈረፍ ጆግ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1913 ፎርድ ዊትማን ሃሪስ በአንድ ጊዜ ስንት ማምረት እንደሚያዋጣ ያሳየበት ቀመር እዚህ ላይ የሚነግረን ነገር አለ፦ የመቀየሪያው ወጪ ሲወርድ የሚያዋጣው ብዛትም አብሮ ይወርዳል። ጃፓናዊው መሐንዲስ ሺጌዎ ሺንጎ ቶዮታ ውስጥ ባለ 1,000 ቶን የብረት ቅርጽ ማውጫ ፕሬስ ላይ ሞልድ ለመቀየር የሚፈጀውን አራት ሰዓት መጀመሪያ ወደ 90 ደቂቃ፣ ቀጥሎ ወደ 3 ደቂቃ አወረደው። እኛ ሦስት ደቂቃ አልደረስንም፤ ቦሎኖቹን አንድ ዓይነት አድርገን፣ ቀጣዩን ሞልድ አስቀድመን እያሞቅን፣ ክሬኑን በተራ ማስያዛችንን ትተን ከአራት ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወርደናል። ያለቀለት ምርት መጋዘናችን በግማሽ የቀነሰው ከዚያ በኋላ ነው እንጂ «ክምችት ቀንሱ» የሚል ማስታወቂያ በመለጠፉ አይደለም። ጽሑፉ ስለ ሞልድ ቅየራ አንዲት መስመር የለውም።

ስለ ሶፍትዌሩ አጭር መልስ አለኝ። ገዝተናል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጆሴፍ ኦርሊኪ ያዳበረው የጥሬ ዕቃ ፍላጎት ዕቅድ በሦስት እግር የሚቆም ነው፦ ምን መቼ እንደሚመረት፣ አንዱ ምርት ከምን ከምን እንደሚሠራ፣ በእጅ ስንት እንዳለ። ሦስተኛው እግር የእኛው ቢን ካርድ፣ የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ፣ ነው። የዕቃ መዝገባችን ለእያንዳንዱ ዕቃ በ95 በመቶ እውነት ቢሆን እንኳ፣ 10 ዕቃ የሚገባበት ምርት የሁሉም መዝገብ በአንድ ላይ ትክክል የሚሆንበት ዕድል 60 በመቶ ገደማ ነው። ሶፍትዌሩ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ወር ሰማያዊ ቀለም ከዜሮ በታች 340 ኪሎ እንዳለን ነገረን። በ19 ዓመት ውስጥ ከዜሮ በታች የሆነ ከረጢት አይቼ አላውቅም። ኮምፒውተሩ አልዋሸም፤ ወጪው ተጽፎ ገቢው ሳይጻፍ ቀርቶ ነው። በመድረሻ ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ አንድ ቁጥር ብቻ ይቀበላል። 120 ብለን ሞላነው። 90 ይሁን 210 ግድ አልነበረውም።

ይህ ወደ መጨረሻው ነጥብ ያመጣኛል። የሰኔ 30 ቆጠራ ለኦዲተር ነው፤ የዓመቱን ሂሳብ ይዘጋል። የጎደለው መቼ፣ በማን እጅ፣ ለምን እንደጎደለ ለመጠየቅ ግን ዓመት ያለፈበት ጥያቄ ይሆናል፤ «ልዩነት» ተብሎ ተፈርሞበት ይቀራል። እኛ ረቡዕ ረቡዕ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ጥቂት ጥቂት ዕቃ እንቆጥራለን። ጸሐፊው ይህን «የሰው ጉልበት ማባከን» ብለውታል።

ባለፈው ክረምት አንድ ረቡዕ ቢን ካርዱ 212 ከረጢት ይላል፤ ፓሌቱ ላይ ያለው 198 ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለቱ አንድ ነበሩ። ደግመን ቆጠርን፤ 198። ስቶር ኪፐሩ፣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው፣ ፊቱ አመድ መሰለ። የጥበቃው አለቃ ተጠራ፤ የበር መዝገብ ተገለበጠ፤ ከግቢ የወጣ ነገር የለም። ሌባ ፍለጋው ሊጀመር ሲል የሌሊት ፈረቃው ፎርማን ሊሄድ ቦርሳውን አንግቦ አለፈ። ጠየቅኩት። «ኑ ላሳያችሁ» አለና ወደ ማሽን ክፍሉ መለሰን። በዚያ ሳምንት አራት ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር። መብራት ሲጠፋ የቀለጠው ፕላስቲክ በርሜሉ ውስጥ ይደርቃል፤ ሲመለስ እስኪሞቅ ተጠብቆ በአዲስ ጥሬ ዕቃ ተገፍቶ ይወጣል፤ በየማሽኑ 15 ኪሎ ገደማ። ስድስት ማሽን፣ አራት ሌሊት። ሌሊት ግምጃ ቤት ወጪ የሚጽፍ ሰው የለም፤ ቁልፉ ግን ለአደጋ ጊዜ ተብሎ ፎርማኑ ጋ ይቀመጣል። ከስድስተኛው ማሽን ጀርባ፣ ኮምፕረሰሩ በሚሸፍነው ግድግዳ ላይ፣ በከሰል የተሠመሩ አጫጭር መስመሮች ነበሩ። ወጣቱ በጣቱ እየነካ ቆጠራቸው። 14 ሆኑ። ቢን ካርዱን አወጣና እዚያው ማሽኑ ላይ ተደግፎ ገለበጣቸው።